መጠይቁ ይቆይ፣ ዳታው አለ

በኢኮኖሚክስ ወይም በግብርና ኢኮኖሚክስ የተመረቀ ሁሉ ይህን ርዕስ አይስተውም፦ «የተሻሻለ የበቆሎ ዘር አጠቃቀምን የሚወስኑ ምክንያቶች፤ የእንትን ወረዳ ሁኔታ»። በቆሎው ስንዴ ይሆናል፤ ዘሩ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ መስኖ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነት ይሆናል፤ ወረዳውም ከምዕራብ ሸዋ ጨሊያ፣ ቶኬ ኩታዬ፣ ባኮ ቲቤ ወይም ደንዲ ይሆናል። አካሄዱ ግን ያው ነው። ሦስት ቀበሌ ይመረጣል፣ መቶ ሃምሳ ግድም አባወራና እማወራ ይጠየቃል፣ መልሱ ስታታ የሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል፣ የሎጂት ሰንጠረዥ ይወጣል፣ ኮከብ ያረፈባቸው፣ ማለትም በስታቲስቲክስ ጉልህ የተባሉ፣ ቁጥሮች ተለቅመው ይተነተናሉ፤ በመጨረሻም «የሚመለከተው አካል የኤክስቴንሽን አገልግሎቱን ሊያጠናክር ይገባል» ተብሎ ይደመደማል። ከአምቦ ተነስቶ በጉደር በኩል ወደ ጌዶ፣ ከዚያም ወደ ባኮ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ የሚያርስ ገበሬ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤቱ ነውና ይህን መጠይቅ ሳይለምደው አይቀርም። የእኔ ክርክር ግን ስለ ገበሬው ድካም ሳይሆን ስለ ተማሪው ትምህርት ነው። ተግባራዊ ኢኮኖሜትሪክስ የሚማር ሰው ሙያውን የሚይዘው አዲስ መጠይቅ በማባዛት አይመስለኝም። ቀድሞ የተሰበሰበና ለማንም ክፍት የሆነ ዳታ ወስዶ፣ በዚያው ዳታ ላይ ተሠርቶ የታተመን ውጤት ከሀ ጀምሮ ራሱ ደግሞ ሲሠራው፣ የት ላይ እንደሚጸናና የት ላይ እንደሚፈርስ ሲያሳይ ነው የሚይዘው። መጠይቁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከናሙናው ቁጥር እንጀምር። በየመመረቂያ ጽሑፉ ምዕራፍ ሦስት ላይ የያማኔ ቀመር አለ። ቀመሩ የቤተሰቡን ጠቅላላ ቁጥር ይወስድና፣ ይኸንኑ ቁጥር በስህተት ህዳጉ ካሬ አባዝቶ አንድ በጨመረበት ያካፍለዋል። ሦስቱ ቀበሌዎች 2,000 ቤተሰብ ቢኖራቸው በ5 በመቶ ህዳግ 333 ሰው ይወጣል። ለ333 ሰው የሚበቃ የትራንስፖርትና የጠያቂ አበል ግን የለም። ስለዚህ ህዳጉ 7 በመቶ ይደረጋል፤ ቁጥሩ ወደ 185 ይወርዳል። አሁንም በዛ ከተባለ 8 በመቶ ይደረጋል፤ 145። በጀቱ አስቀድሞ የወሰነውን ቁጥር ቀመሩ መጥቶ ይባርከዋል ማለት ነው። የባሰው ችግር ደግሞ ቀመሩ ራሱ የተሠራው ለሌላ ጥያቄ መሆኑ ነው። የአንድን ነገር ድርሻ፣ ለምሳሌ ምርጥ ዘር የሚዘሩ ገበሬዎች ከመቶ ስንት እንደሆኑ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመገመት ነው የሚያገለግለው። የአሥራ ሁለት ምክንያቶችን ተጽዕኖ አንዱን ከሌላው ለመለየት ስንት ሰው እንደሚበቃ አይናገርም። ለዚያ ሌላ ስሌት አለ፤ መነሻውም «ምን ያህል ለውጥ ቢኖር ነው እንዳያመልጠኝ የምፈልገው?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ተማሪ አንድ ምክንያት ኮከብ ሳያገኝ ሲቀር «ተጽዕኖ የለውም» ብሎ ይጽፋል። ተጽዕኖው ኖሮ በ145 ሰው ሊታይ አለመቻሉን አያስበውም።

በዚያ ላይ 145ቱ ከሦስት ቀበሌ የመጡ ናቸው። በአንድ ቀበሌ ያሉ ሰዎች ያው ዝናብ ይዘንብላቸዋል፣ ያው የልማት ሠራተኛ ይጎበኛቸዋል፣ በዚያው መንገድ ወደ አንድ ገበያ ይወርዳሉ። መቶ አርባ አምስት ሰው ማነጋገር መቶ አርባ አምስት የማይተዋወቁ ምስክሮችን መስማት አይደለም፤ በአንድ ቤት አድረው የመጡ ምስክሮች ቃላቸው ቢገጥም አይደንቅም። ሶፍትዌሩ ግን እያንዳንዱን ለየብቻ ስለሚቆጥር መደበኛ ስህተቱን አሳንሶ፣ ኮከቡን አብዝቶ ያወጣል። ይህን ለማረም የሚያስችል ስልት አለ፤ ሆኖም በልምድ አርባና ሃምሳ ያህል ቀበሌ ይፈልጋል። ሦስት ቀበሌ ይዞ ምንም ማድረግ አይቻልም። ይህ ሁሉ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ተጽፏል። ተማሪው በፈተና ላይ ሊመልሰውም ይችላል። በገዛ ዳታው ላይ ሲደርስበት ግን አያየውም፤ ዳታውን የሰበሰበው እሱ ስለሆነ ጉድለቱን የሚያመለክተው ሌላ ቁጥር እጁ ላይ የለም።

ከናሙናው ይልቅ የሚከብደው ግን ልኬቱ ነው። «የተሻሻለ ዝርያ ዘርተዋል?» ለሚለው ጥያቄ ገበሬው አዎ ወይም አይ ይላል፤ ያ መልስ የጥናቱ ጥገኛ ተለዋዋጭ ይሆናል። በስንዴ ላይ ይህ መልስ ምን ያህል እንደሚታመን የፈተነ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በፕሎስ ዋን መጽሔት የታተመው የሞቲ ጃለታና የባልደረቦቹ ጥናት ከ3,884 የስንዴ ማሳዎች የእህል ናሙና ወስዶ በዲኤንኤ መርምሮ፣ ገበሬው ከሰጠው የዝርያ ስም ጋር አመሳከረው። የዘሩትን ዝርያ በትክክል ለይተው የተናገሩት፣ እንደተወሰደው የመለያ ደረጃ፣ ከ28 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። ነገሩ የገበሬው ጥፋት አይደለም። ዘር ከጎረቤት ይለወጣል፣ ከዓመት ዓመት ይዞራል፣ ይደባለቃል፣ የአንዱ ስም ለሌላው ይሰጣል። ለኢኮኖሜትሪክስ ተማሪ ግን የጥናቱ ሁለተኛ ግኝት ይበልጥ ሊያስደነግጠው ይገባል፤ የተማሩ ገበሬዎችና ዘራቸውን ከታመነ ምንጭ የገዙት ከሌሎቹ ይልቅ ዝርያቸውን በትክክል ይለያሉ። እንግዲህ በየጽሑፉ የምናነበው «ትምህርት የተሻሻለ ዝርያ የመጠቀም ዕድልን ይጨምራል» የሚለው ውጤት፣ በከፊልም ቢሆን፣ ትምህርት የዝርያን ስም የማወቅ ዕድልን ይጨምራል ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ለአንድ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሰጡት ምክር ፈጽሞ የተለያየ ነው። ከሎጂት ሰንጠረዡ ላይ ግን ልዩነታቸውን ማንበብ አይቻልም።

ታዲያ ተማሪው የት ይማረው? እዚህ ላይ በአገራችን ብዙም ያልተነገረለት ሀብት አለ። በቀድሞ ስሙ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ በአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር ከእ.ኤ.አ. 2011/12 ጀምሮ የኢትዮጵያን ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ያካሂዳል። በመጀመሪያው ዙር ወደ 4,000 የሚጠጉ የገጠርና የአነስተኛ ከተማ ቤተሰቦች ተጠየቁ። በ2013/14 ትልልቆቹ ከተሞች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከ5,000 አለፈ፤ በ2015/16 እነዚያው ቤተሰቦች እንደገና ተጠየቁ፤ በ2018/19 ደግሞ አዲስ ተከታታይ ናሙና ተጀመረ። ጠያቂዎቹ አንድን ቤተሰብ ከዘር በኋላና ከመኸር በኋላ ይመለሱበታል። ገበሬው መሬቱን በራሱ መለኪያ፣ በጥማድ፣ በቀርጥ፣ በትልም ወይም በእርምጃ፣ ይናገራል፤ ጠያቂው ደግሞ ማሳውን በጂፒኤስ ዞሮ ይለካዋል። ገበሬው ያመረተውን በኩንታል ወይም በቁና ይናገራል፤ ከተመረጡ ማሳዎች ላይ ደግሞ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቁራጭ ታጭዶ ምርቱ ይመዘናል። ይህ ሁሉ ዳታ፣ ከመጠይቁና ከመመሪያው ጋር፣ ተመዝግቦ የአጠቃቀም ደንቡን ለተቀበለ ማንኛውም ሰው በነጻ ይገኛል።

አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መለካቱ ምን እንደሚያስተምር በአንድ ጥናት እንይ። በልማት ኢኮኖሚክስ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያከራከረ እንቆቅልሽ አለ፤ መሬት ባነሰ ቁጥር በሄክታር የሚገኘው ምርት ይበዛል የሚል። በብዙ አገር ዳታ ታይቷል፤ የመሬት ፖሊሲ ክርክርም ተገንብቶበታል። ትንሽ ገበሬ ከትልቅ ይልቅ መሬቱን አሟጦ ይጠቀማል ከተባለ መሬት ማሰባሰብ ስህተት ይሆናል፤ ካልሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሳም ዴሲየሬና ዲን ጆሊፍ እ.ኤ.አ. በ2018 በልማት ኢኮኖሚክስ መጽሔት ባወጡት ጥናት ይኸንኑ የእኛን አገር ዳታ ወሰዱ። ምርቱን ገበሬው በተናገረው ሲያሰሉት እንቆቅልሹ እንደተለመደው ጎልቶ ወጣ። ታጭዶ በተመዘነው ሲያሰሉት ግን ጠፋ። ትንሽ ማሳ ያለው ምርቱን አብዝቶ፣ ትልቅ ማሳ ያለው ደግሞ አሳንሶ ስለሚናገር እንጂ መሬቱ የተለየ ምርት ሰጥቶ አልነበረም። ይህን ጥናት ደግሞ ለመሥራት የሚያስፈልገው ተራ ሪግሬሽን ነው፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይችለዋል። አንዱን ሰንጠረዥ በተነገረው፣ ሌላውን በተመዘነው ምርት አስልቶ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ የልኬት ስህተት ምን ማለት እንደሆነ አይረሳም፤ ከመጽሐፍ ላይ ያነበበው ግን ከፈተናው ማግሥት ሊረሳው ይችላል። በመቶ ሃምሳ ሰው መጠይቅ ይህ ትምህርት በጭራሽ አይገኝም፤ የተነገረው ብቻ ነው ያለው፣ የሚያመሳክርበት ሚዛን የለም።

ከልኬት ቀጥሎ የሚመጣው ንጽጽር ነው፤ የተግባራዊ ኢኮኖሜትሪክስ ልቡም እዚህ ነው። የልማት ሠራተኛ የጎበኘው ገበሬ ካልጎበኘው የተሻለ ምርት አገኘ እንበል። የልማት ሠራተኛው ግን ወደማን ነው ቀድሞ የሚሄደው? ሞዴል ወደተባለው፣ ወደ በርታው፣ ቤቱ ለመንገድ ወደቀረበው። የአንድ ዓመት መጠይቅ ይዞ ሁለቱን ቡድኖች ያወዳደረ ሰው የገበሬውን ብርታት ለልማት ሠራተኛው ይሸልማል። ይህን የሚያውቁ ተማሪዎች ፕሮፔንሲቲ ስኮር ማቺንግ ወደሚባለው ዘዴ ይሸሻሉ፤ ከሁለቱ ቡድን ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሮ ማወዳደር ነው። ዘዴው ግን የሚያጣምረው በተጠየቁት ነገሮች ነው፤ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በበሬ ብዛት። ብርታት መጠይቁ ውስጥ የለም። ሮበርት ላሎንድ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የሥራ ሥልጠና መርሐ ግብር ላይ ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ በዕጣ የተመደቡትን በማወዳደር የተገኘውን እውነተኛ ውጤት በጊዜው የተለመዱት የስታቲስቲክስ ዘዴዎች ሊደርሱበት አልቻሉም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም አቅጣጫውን ሳቱ። የእሱም ዳታ እስከ ዛሬ ማንም ሊሠራበት ክፍት ነው።

በአገር ውስጥ ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ፣ የትመንን፣ ዲንኪንና እምድብርን በመሳሰሉ 15 የገጠር መንደሮች ውስጥ እነዚያኑ ቤተሰቦች ለዓመታት ደጋግሞ ጠይቋል። ስቴፋን ዴርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ጣሰው ወልደሃና እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት የተሠራው በዚህ ዳታ ነው። አንድን ቤተሰብ ከሌላው ከማወዳደር ይልቅ ቤተሰቡን ከራሱ ያለፈ ዘመን ጋር ስለሚያወዳድር የማይለወጠው የገበሬው ብርታት ከስሌቱ ይወጣል። ውጤቱም፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ በልማት ሠራተኛ መጎብኘት ድህነትን በ9.8 በመቶ ነጥብ፣ ክረምት ከበጋ የሚያገለግል መንገድ ማግኘት ደግሞ በ6.9 በመቶ ነጥብ እንደሚቀንስ አሳየ። ቁጥሮቹ ትልቅ ናቸው፤ በመንግሥት ሰነድም በየጽሑፉም ሊጠቀሱ የሚመቹ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ተማሪው መነሳት ያለበት። የተለወጠው ብርታትስ? ልጁ አድጎ ጉልበት የሆነው፣ ወይም በዚያው ዓመት የተማረ አማች ያገኘው ቤተሰብ? ጥናቱ ለዚህ ረዳት ተለዋዋጮች ተጠቅሟል፤ እነሱስ ይታመናሉ? ደግሞም ከ15ቱ መንደሮች አንዱም ምዕራብ ሸዋ ውስጥ አይደለም፤ ዘመኑም በየቀበሌው ሦስት ሦስት የልማት ሠራተኛ የመመደቡ ነገር ገና ያልተስፋፋበት ነው። ያው ስሌት በኋለኛው አገር አቀፍ ዳታ ሲሠራ ያው ውጤት ይወጣል? ይህ ነው የመመረቂያ ጥያቄ። መልሱ ለጌዶ የልማት ሠራተኛም ሆነ እሱን ለሚያሰማራው ጽሕፈት ቤት ከአሥር የሎጂት ሰንጠረዥ ይበልጥ ይጠቅማል።

ተማሪ የታላላቅ ሰዎችን ሥራ ደግሞ ቢሠራ ምን ሊያገኝ ነው የሚል ካለ፣ ቶማስ ሄርንደንን ያስታውስ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የድህረ ምረቃ ተማሪ ሳለ፣ በአንድ የተግባራዊ ኢኮኖሜትሪክስ ኮርስ ላይ የተሰጠው የቤት ሥራ የታተመ ጥናት መርጦ ደግሞ እንዲሠራ ነበር። የመረጠው በሃርቫርድ የሚያስተምሩት ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡትን ነው፤ የመንግሥት ዕዳ ከአገር ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት ከዜሮ በታች ይወርዳል የሚለውን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የበጀት ቅነሳ ክርክር ላይ በሰፊው የተጠቀሰውን። ሄርንደን ያን ቁጥር ሊያገኘው አልቻለም። የደራሲዎቹን የኤክሴል ፋይል ሲያገኝ አምስት አገሮች ከስሌቱ ውጪ ቀርተው፣ አንዳንድ ዓመታትም ተዘልለው፣ የአገሮቹም ሚዛን አጠያያቂ ሆኖ ተገኘ። ከመምህራኑ ከማይክል አሽና ከሮበርት ፖሊን ጋር በ2013 ባወጡት እርማት፣ ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ የተባለው አማካይ ዕድገት 2.2 በመቶ ሆነ። ራይንሃርትና ሮጎፍ የኤክሴሉን ስህተት ተቀብለው በቀረው ተከራክረዋል። ይህን ያመጣው አዲስ መጠይቅ ወይም የተራቀቀ ሞዴል ሳይሆን የአንድ ሴሚስተር የቤት ሥራ ነው።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንይ። የመጀመሪያውና እኔም የማከብረው፣ «ተማሪው ገበሬውን ካላየ የወንበር ኢኮኖሚስት ይሆናል» የሚለው ነው። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሥረ መሠረት በ1939 ዓ.ም. የተጀመረ የግብርና ትምህርት ቤት ነው፤ አፈር ሳይነኩ ግብርናን መማር እዚያ ሰፈር ነውር ቢባል አይገርምም። እኔም መስክ አይወጣ አልልም። ጥያቄው መቼና ለምን ይውጣ ነው። በዳታው ላይ ሠርቶ ጥማድ ከማሳ ማሳ ለምን እንደሚለያይ ግራ የገባው ተማሪ ጌዶ አካባቢ ወርዶ አሥር ገበሬ ቢያነጋግር፣ ማሳቸውን አብሮ ቢዞር፣ በሬው ደከም ሲል ጥማዱ እንዴት እንደሚያንስ ቢሰማ፣ የሚያመጣው ነገር ከመቶ ሃምሳ መጠይቅ ይበልጣል። መጠይቅ ይዞ የወጣ ተማሪ ከገበሬው ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ «አዎ» እና «አይ» ላይ ምልክት በማድረግ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚጠይቀው እሱ ራሱ ሳይሆን አበል የተከፈለው የልማት ሠራተኛ ነው። የኤክስቴንሽን አገልግሎት ጥሩ ነው ወይ ብሎ በልማት ሠራተኛው አንደበት መጠየቅ ምን ዓይነት መልስ እንደሚያመጣ ለማስረዳት ኢኮኖሜትሪክስ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «አገር አቀፍ ዳታ ስለ ጨሊያ ወረዳ ምንም አይናገርም» የሚል ነው። እውነት ነው። ናሙናው ለክልል እንጂ ለወረዳ አልተዘጋጀም፤ ከአንድ ዞን የሚገቡት የቆጠራ ቦታዎችም ጥቂት ናቸው። «የጨሊያ ወረዳ ሁኔታ» የሚለው ቅጥያ ከርዕሱ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ነገር ግን በሦስት ቀበሌ ተመርጦ የተሠራውስ ስለ ወረዳው ይናገራል ወይ? ቀበሌዎቹ «ለጥናቱ አመቺ በመሆናቸው» ተመርጠዋል ተብሎ በግልጽ ተጽፎ፣ ምክሩ ግን ለወረዳው ሁሉ ይሰጣል። የአካባቢ ጥያቄ ያለው ተማሪ ደግሞ የአካባቢ ዳታ አያጣም። የስታቲስቲክስ አገልግሎቱ የገበሬውን የመሸጫ ዋጋ በዞን ደረጃ፣ የችርቻሮ ዋጋን ደግሞ በየወሩ ሲሰበስብ ኖሯል። የምዕራብ ሸዋ ጤፍ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላይ ዋጋው ሲንር ገበሬው እጅ የሚደርሰው ምን ያህሉ ነው፣ በስንት ወር ይደርሳል፣ ሲወርድስ ከወጣበት ይፈጥናል ወይ? እሌኒ ገብረመድኅን የምርት ገበያውን በ2000 ዓ.ም. ከማቋቋማቸው በፊት የእህል ደላሎችን አሠራርና የግብይት ወጪን በጥናት መርምረው ነበር፤ በዚያ መስመር የሚሠራው ገና አላለቀም። የጊዜ ተከታታይ ኢኮኖሜትሪክስ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለውም፤ ለገበሬውም ቢሆን ከዘር አጠቃቀም ሰንጠረዥ ይልቅ የዋጋው ነገር ሳይቀርበው አይቀርም።

ስለ መብራት፣ ስለ ኢንተርኔትና ስለ ኮምፒውተር የሚነሳውን በአጭሩ ልለፈው። ችግሩ አለ፤ ግን ለመጠይቁም ዘዴ ያው ነው፣ ዳታው ተሰብስቦም ኮምፒውተር ላይ መግባቱ አይቀርም። ስታታ ውድ ነው፤ አር እና ግሬትል በነጻ ይገኛሉ፤ ፋይሉ አንድ ጊዜ ከወረደ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራበታል። እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ስም ተመዝግቦ፣ የአጠቃቀም ደንቡን አንብቦ ያውርደው እንጂ በፍላሽ አይቀባበል፤ የሰዎችን መረጃ በኃላፊነት መያዝም የኮርሱ አካል ነው። ለመስክ የሚወጣው የአበልና የትራንስፖርት ገንዘብ ለኢንተርኔትና ለኮምፒውተር ጥገና ቢውል የት በደረስን።

ይልቅ የሚከብደው «ደግሞ መሥራት ለመኮረጅ ይመቻል» የሚለው ነው። ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፣ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ይጽፈዋል። ልክ ነው። ነገር ግን በክፍያ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፍበት ገበያ እንዳለ የማያውቅ ማን አለ? አማካሪው ያላየውን መጠይቅ በቢሮ ተቀምጦ መሙላትም ይቻላል፤ የተፈጠረ መልስን ከእውነተኛው መለየት እጅግ ከባድ ነው። በክፍት ዳታ ላይ የተሠራ ጽሑፍ ግን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ መምህሩ ያንኑ ፋይል ከፍቶ፣ ያንኑ ትእዛዝ ሰጥቶ ቁጥሩን ሊያየው ይችላል። በመመረቂያ ጽሑፉ መከላከያ ዕለት ተማሪውን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ «በእማወራ የሚመሩትን ቤተሰቦች ብቻ ውሰድና ሰንጠረዥ ሦስትን አውጣልኝ፤ ለምን እንደተለወጠም ንገረኝ» ማለት ይችላል። ገዝቶ የመጣ ተማሪ ይህን ጥያቄ አያልፍም።

«መጀመሪያ ንድፈ ሐሳቡ ይቅደም» የሚሉ መምህራንም አሉ። የጋውስና የማርኮቭ ቲዎረም ይረጋገጥ፣ ማትሪክሱ ይሠራ፣ ዳታ በኋላ ይመጣል ይላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና ይህን ዝንባሌ አበርትቶታል፤ ምርጫ ላይ የሚከበብ ጥያቄ የግምቶቹን ስም ዝርዝር ለመጠየቅ ይመቻል፣ በአንድ ዳታ ላይ የትኛው ግምት እንደተጣሰ ለመጠየቅ ግን አይመችም። ማረጋገጫው አይቅር፤ እኔ የምለው አብሮት ዳታ ይኑር ነው። የተማረው ግምት የተጣሰበትን ማሳ በዓይኑ ያየ ተማሪ ግምቶቹን ለመውጫ ፈተናውም ቢሆን በተሻለ ያስታውሳቸዋል። ኢኮኖሜትሪክስን እንደ ሙያ ያቋቋሙት ራግናር ፍሪሽና ያን ቲንበርገን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰዱት፣ ንድፈ ሐሳብን ከልኬት ጋር ለማጋባት ነበር የደከሙት። የእኛ የኮርስ ዝርዝር ጋብቻውን ለመጨረሻው ዓመት አቆይቶ፣ ያኔም መቶ ሃምሳ መጠይቅ ጥሎሽ አድርጎ ነው የሚሰጠው።

አፈጻጸሙ ትልቅ ማሻሻያ አይጠይቅም። አንድ የትምህርት ክፍል በሚቀጥለው ሴሚስተር የኢኮኖሜትሪክስ ሁለትን ኮርስ ግማሽ ነጥብ አንድ የታተመ ጥናት ደግሞ ለመሥራት ቢመድብ፣ የዴሲየሬንና የጆሊፍን ወይም የዴርኮንንና የባልደረቦቹን ቢመርጥ፣ በጥሩ ሁኔታ የሠሩት ደግሞ ያንኑ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ እንዲያሳድጉት ቢፈቅድ በቂ ነው። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርም በጉባኤው ላይ ለእንዲህ ያሉ የተማሪ ሥራዎች ግማሽ ቀን ቢሰጥ ተመልካች አያጣም። ዋናው እንቅፋት ያለው ከተማሪው በኩል ሳይሆን ከአማካሪው በኩል ነው። መምህር የሚያድገው ባሳተመው ጽሑፍ ነው፤ የተማሪው መቶ ሃምሳ መጠይቅ ደግሞ ከመከላከያው በኋላ በሁለት ስም ወደ መጽሔት ለመላክ የተዘጋጀ ጥሬ ዕቃ ነው። የሌላውን ውጤት ፈትሾ «አዎ ይጸናል» የሚል ጽሑፍ «አዲስ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል፤ «አይጸናም» የሚለው ደግሞ ጠላት ያፈራል። የደረጃ ዕድገት ኮሚቴው ሁለቱንም እንደ ሙሉ የምርምር ሥራ እስካልቆጠራቸው ድረስ፣ ይህን ኮርስ እንደሚገባው የሚያስተምር መምህር ከራሱ ዕድገት ቆርሶ ነው የሚያስተምረው።